ሳይታረስ የተዘራ

— ሄሎ… አቤት፣ ሄሎ… ማን ልበል?… አያ ሙሀመድሰይድ? ወአለይኩሙሰላም ወራህመቱላህ። ድምፅዎ ራቀብኝ እኮ፣ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያወሩት?… አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ… ደህና ናቸው… ላሞቹም ደህና ናቸው፣ ጥጃውም ደህና ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን።

— ቆቦ ነኝ። ደሳለኝ ብየዳ ቤት… መናኸሪያው ጀርባ፣ የበርና የመስኮት ሠሪው። ቆይ አንዴ፣ አይሰማኝም። — ደሳለኝ፣ ወንድሜ፣ እስቲ ያንን እሳት አንዴ አቁምልኝ፣ ትልቅ ሰው ነው የደወለልኝ… የባሌ ታላቅ ወንድም… እግዜር ይስጥልኝ። — ይኸው አሁን ጥርት አለ። ይበሉ አያ።

— ምን?

— አይ፣ ሰምቻለሁ። ግን እስቲ እንደገና ይበሉልኝ፣ ብየዳው ጆሮዬን ነክቶት እንደሆነ… ደቦ… ለኔ ደቦ… አሥራ አራት ጥማድ በሬ።

— የት?

— የኔ ግጦሽ ላይ።

— ገበያ መውጣቴን ጠብቃችሁ… ስመለስ ታርሶ እንዳገኘው… እንዲያው በድንገት ደስ እንዲለኝ። አሃ… አሃ… አያ፣ ማሻአላህ። ሥራችሁን አላህ ይውደድላችሁ። ግን በአላህ ይንገሩኝ፣ እስካሁን በሬ ገብቷል ወይ?… አልገባም… አልሀምዱሊላህ። ለምን አልገባም?

— ኢኽላስ።

— በሩ ላይ ተቀምጣ… የእሾሁን መዝጊያ ተደግፋ… አልነሳም ብላ። “እናቴ ሳትፈቅድ እንኳን በሬ ዶሮ አይገባም” አለች? የኔ ልጅ ለአጎቷ እንዲህ ብላ አትመልስም… እሺ፣ ብላለች። ባለጌ ናት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

— አውቃለሁ አያ፣ ተነሽ እንድላት ነው የደወሉልኝ። እኔ ግን ቁጭ በይ ነው የምላት።

— ምክንያቱማ መሬቱ ተዘርቷል… ተዘርቷል እኮ ነው የምልዎ… ሳሩ ውስጥ። ላብላብና አልፋልፋ… ላብላብ፣ ያ ሐረጉ የሚሳበው፣ አበባው ሐምራዊ… ለሰው አይደለም፣ ለላም መኖ ነው… እንዴ፣ ላምስ የአላህ ፍጥረት አይደለችም?

— ማንም አላረሰውም… አንድም ጥማድ… ሳይታረስ ነው የተዘራው፣ ሳሩ እንደቆመ… አያ? ሄሎ… ይሰሙኛል?

— ይሳቁ፣ ግድ የለም። ከኋላ የሚስቀውስ ማነው?… ጎረቤቴ ታሂር። እሱማ ይሳቅ፣ ወሬውን ያመጣው እሱ ነው።

— ምን አየሁ አለ?… “ፈሪሀ ሳር ላይ ብስክሌት ትገፋለች”… “ያውም ግማሽ ብስክሌት።” አይ ታሂር። አላበድኩም አያ። ጎማው ብቻ ነው የብስክሌት፣ ሌላው መዝሪያ ነው። እዚሁ ፊቴ ተኝቷል፣ ድንጋይ መትቶ ክንዱ ስለተሰነጠቀ ነው ያመጣሁት። እንዴት መሰለዎ፣ ከፊት እንደ ሳህን ክብ የሆነ ስለት አለው፣ እሱ ሳሩን ሰንጥቆ ይሄዳል። ከስለቱ ኋላ ቧንቧ አለ፣ ዘሩን ስንጥቁ ውስጥ ይጥላል። ጎማው ደግሞ ከሁሉም ኋላ መጥቶ ረገጥ አድርጎ ይዘጋዋል… በቃ፣ ሌላ የለውም። አፈሩ አልተገለበጠ፣ ሳሩ አልተነቀለ፣ ዘሩ ግን ቤቱ ገብቷል።

— ሳሩ አያንቀውም፣ አስቀድሜ ላሞቹን ለቀቅሁበት፣ እንደ ምላጭ ላጩት። ሳሩ እንደገና ቀና እስኪል ዘሩ ሥር ይሰድዳል… የት ተማርሽው ነው የሚሉኝ? ከዋጃ። ዋጃ ማዶ አንድ የወተት ከብት እርባታ አለ፣ እዚያ አይቼ ነው። እነሱ በትራክተር ነው የሚያስጎትቱት። እኔ ትራክተር የለኝም፣ ደሳለኝ አለኝ። — ኧረ አንተን አይደለም፣ ማለቴ አንተን ነው፣ እያመሰገንኩህ ነው። ቁጭ በል። — ሄሎ፣ አዎ።

— የግብርና ባለሙያውማ መጥቶ አይቶታል… ምን ይላል፣ ጎሽ አለና መዝሪያውን እሱ ይዞ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ፣ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው ከላብላቤ ቀድሞ በቀለ አሉኝ፣ ፌስቡክ ላይ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

— “ሳይታረስ የሚበቅል ቅንጬ አረም ብቻ ነው።” ጥሩ አሉ አያ፣ እኔም እዚያው ልመጣ ነበር። ቅንጬውን ማን አመጣብን? ማረሻው አይደለም? ከታች የተኛውን ዘሩን እየገለበጥን ፀሐይ አሞቅነው። እስቲ አምናን ያስታውሱ። ያችን መሬት አረስናት፣ አንቱም ነበሩ፣ ታሂርም ነበረ። ምን በቀለ? ጉልበት የሚደርስ ቅንጬ። ላሞቼ እሱን በልተው ወተቱ እንደ ሬት መረረ። ቆቦ ወተት የማስረክባት ብርቱካን፣ ሻይ ቤት ያላት፣ “ፈሪሀ፣ ደንበኞቼ ምን ቢያደርጉሽ ነው?” ብላ ጀሪካኑን እንደሞላ መለሰችልኝ። ወተት ተሸክሜ ሄጄ ወተት ተሸክሜ ስመለስ ማን ነበር ደቦ የጠራልኝ?

— በበጋውስ? ቁልቋል ነው ያበላኋቸው። እሾሁን በእሳት እየለበለብኩ፣ ቅንድቤ እየተቃጠለ። ኢኽላስ እናቴ ቅንድብ ነበራት ወይ ብላ እስክትጠይቅ… ያን ሁሉ አንቱም አይተዋል። አይተው “አላህ ያቅልልልሽ” አሉ፣ አሚን አልኩ። ይኸው አቀለለልኝ፣ አንቱ ደግሞ አሥራ አራት ጥማድ ይዘው መጡ።

— ኑሀን አያምጡብኝ… ባሌን አላህ ይርሀመው። እውነት ነው፣ እንደ ኑሀ ያለ አራሽ በዚህ ቆላ አልታየም። ትልሙ በክር የተለካ ይመስል ነበር። ግን አያ፣ ያ ሁሉ ትልም የት አለ?… እጠይቅዎታለሁ፣ የት አለ?… ጎርፉ ከደጋ ወረደ፣ እኛ አድክመን ያለሰለስነውን አፈር እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ጎሊና ወንዝ ከተተው። ኑሀ ያረሰውን አፈር ዛሬ አፋር አገር ግመል ነው የሚተኛበት… ኧረ በአፋሮች አልቀየምም፣ እነሱ ምን አጠፉ? አበጥረን፣ ነፍተን የላክንላቸው እኛ ነን።

— ይሁን አያ፣ መሬት ሳይታረስ ሲያዩት ዓይንዎን ይበላዎታል፣ ይገባኛል። እኔንም በልቶኛል። የመጀመሪያዋን ቀን ያን ጎማ ስገፋ እጄ እርፍ እየፈለገ አስቸግሮኝ ነበር… እሱማ እውነት ነው፣ በአባቶቻችን ጊዜ አልነበረም። በአባቶቻችን ጊዜ ቅንጬም አልነበረም፣ ይኼ የያዙት ስልክም አልነበረም። በስልኩ ግን ደወሉልኝ።

— ሰው ምን አለ?… ቀስ ብለው አይንገሩኝ፣ እንደተባለው ይንገሩኝ… “ወንድ የሌለው መሬት ዳዋ ለበሰ።” አሃ። እዚህ ነው ነገሩ… አልተቆጣሁም… እሺ፣ ተቆጥቻለሁ። — ደሳለኝ፣ ውሃ ካለህ እስቲ… እግዜር ይስጥህ። — ተቆጥቻለሁ፣ ግን በአንቱ አይደለም። እናንተ ሀፍረቴን ልትሸፍኑ መጣችሁ። እኔ ሀፍረት የለብኝም። የምትሸፍኑብኝ ቡቃያዬን ነው።

— አስፋውም መጥቷል? ዛሬ ሚካኤል አይደለም ወይ?… “ለሙት ቤት ሲታረስ ሚካኤልም አይከፋም” አለ። በሬዎቹን ከነጉልበቱ ይዞ… ይኸ ሰው ያስለቅሰኛል። አያ፣ ልባችሁ እንዴት ያለ ልብ ነው። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ልብ ባይኖራችሁ እንዴት ይቀለኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ዱላ ይዤ እመጣ ነበር። ደግ ሰው በምን ይመታል?

— ምንድነው ጩኸቱ?… ሄሎ? አያ?… ታሂር ምን አደረገ?… በታች በኩል… አጥሩን አንስቶ… ኢኽላስ ላይኛው በር ላይ ተቀምጣ እሱ ከታች ገባ። ስልኩን ለታሂር ይስጡልኝ… ይሩጡ አያ፣ ሮጠው ይስጡልኝ።

— …

— ታሂር፣ እኔ ነኝ፣ ፈሪሀ… ሰላምታውን ተወው። በሬህን አቁም… “ይችን ትልም ልጨርስ” አይባልም፣ አቁም። አቆምክ?… እሺ። አሁን ጎንበስ በል። ገና ያላረስከው ላይ… ጎንበስ በል እንጂ፣ ወገብህ አይሰበርም። ሳሩን በጣትህ ግለጠው። ምን ይታይሃል?… ሳር። ከሳሩ ሥርስ?… ሁለት ሁለት ቅጠል ያላት ትንሽ ነገር። አንድ ናት ብዙ?… ወደፊት ሂድና ቁጠራት… ተሰልፋ ነው ተበትና?… በመስመር። እስከየት?… እስከ አጥሩ። ታሂር፣ የአላህ ሳር በመስመር ሲበቅል አይተህ ታውቃለህ?

— እሷ ናት። ግማሽ ብስክሌቷ የዘራችው።

— ምን ያህል አረስክ?

— ሁለት ትልም… ከዳር እስከ ዳር።

— የለም፣ አልሰድብህም… አትንካው፣ አፈሩን መልሼ ልድፈነው አትበል፣ የባሰ ትረግጠዋለህ። ማረሻውን ከፍ አድርገህ ይዘህ፣ በገባህበት ውጣ። በትልሙ ላይ፣ በራስህ ትልም ላይ እየረገጥክ ውጣ… አውቃለሁ ላግዝሽ ብለህ ነው። አውቃለሁ። ሂድ፣ ስልኩን ለአያ መልስ።

— አያ… አየ ታሂር? አንቱም አዩት?… ማሻአላህ ይበሉ እንጂ፣ በዓይን ይወጉታል… አዎ፣ አጥሩ ዳር በውጭ እስከቆመው ወርካ ድረስ ያለው ሁሉ እንደዚያ ነው። ከወርካው ወዲያ ገና አልተዘራም።

— ምን ቀረ ታዲያ? ይሂዱ ይበሏቸው… ለምን አይሆንም?… ቀንበር የተጫነ በሬ አፈር ሳይነካ አይፈታም። እሱን አውቃለሁ… ገዱ ይሰበራል፣ አዎ፣ በሬው ይሰንፋል፣ ዝናቡ ፊቱን ያዞራል… በልማድ አልቀለድኩም አያ፣ እየቆጠርኩልዎ ነው።

— “ከወርካው ወዲያ ያለውን እንረስልሽና እንሂድ።” አይሆንም… ግማሹንም አይሆንም… ጥጉንም አይሆንም። ሥጋ ነው እንዴ የምትከፋፈሉት? ያም ይዘራል፣ ለእሱ ብዬ ነው እዚህ እሳት ፊት የተቀመጥኩት።

— እንግዲህ ደቦ መመለስ ነውር ነው፣ ደቦ የመለሰ ለቀብሩ ሰው ያጣል፣ ገባኝ። አልመልስም። ወግ ካሉ በወግ እንሂድ። ሸህ አሊ እዚያ አሉ?… ወርካው ሥር። ስልኩን ላውድ ያድርጉልኝ፣ ሁሉም ይስማ… የቱ ጋ እንደሚነካ ኢኽላስ ታሳይዎ… አይ፣ እሷ አትምጣ። ስልኩን ወደ እሷ ይውሰዱት፣ እሷ ወደ ስልኩ አትመጣም።

— ኢኽላስ፣ ልጄ፣ ክፈቺላቸው… ድምፁን ነው የምልሽ፣ በሩን አይደለም… ጎበዝ።

— ሸህ አሊ፣ አሰላሙ አለይኩም… አሚን… አሚን… አሚን፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ሸህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ሴት ነኝ፣ የእርሻ ነገር አይገባሽም ተብያለሁ፣ ይሁን። የአገር ወግ ግን አንቱ ዘንድ ነው፣ ስንቱን ደም ያደረቁ፣ ስንቱን ያስታረቁ አባጋር ነዎት። ደቦ የማን ነው?… የጠሪው። ጠሪው በምን ይታወቃል? በአፉ ነው? ኑ ያለ ሁሉ ጠሪ ነው?… በምሳው… እስቲ ጮክ ብለው ይበሉልኝ፣ ከኋላ ያሉትም ይስሙ… ምሳውን ያበላ የደቦው ባለቤት ነው። ደቦም ያበላውን ሰው መሬት ሳያርስ ቢበተን… ነውር ነው። ጥሩ። አላህ ይስጥልኝ።

— የዛሬውን ምሳ ማን ነው ያወጣው?… አያ፣ ፍየሏን ማን አረደ? እኔ ቆቦ ነኝ፣ ከዚህ ሆኜ አላረድኩም… አያ ሙሀመድሰይድ ቤት። ማን ሠራው?… ራህመት። እጇ ይባረክ፣ ራህመት የሠራችው ወጥ ሞት ያስረሳል። እንግዲህ ሸህ፣ ፍየሏ የአያ፣ ማገዶው የአያ፣ ወጡ የአያ ሚስት። ደቦው የማን ነው ይላሉ?

— ሰሙ አያ? እኔ አይደለሁም የፈረድኩት።

— ይቆዩ፣ አልጨረስኩም። የአንቱ የጤፍ መሬት ስንቴ ታረሰች?… ሰው እየሰማ ነው፣ ይናገሩ… ሰኔ ላይ አንዴ ተጭራ። ከዚያስ?… ጊዜ አጡ። በምን ጊዜ አጡ?… በሬ ሲለምኑ። ለኔ። ከጎብዬ እስከ ቆቦ ቤት ለቤት ሲዞሩ። አያ፣ የኔን ሀፍረት ሲሸፍኑ የአንቱ ጤፍ ሊቀር ነው እኮ። ሐምሌ ደግሞ ሰው አይጠብቅም… አዎ፣ ጤፍ ማረሻ ይወዳል፣ አልካድኩም። ደጋግሞ ካልታረሰ አይሆንለትም። እኔ ከማረሻ ጋር ጠብ የለኝም፣ በየቤቱ ይግባ ነው የምለው።

— እና በሬው ተጠምዷል፣ ምሳው ደርሷል፣ ባለምሳውም እዚያው ቆሟል፣ መሬቷም ከአጥሬ ማዶ ናት… ማነው የሳቀው?… ሸህ አሊ? ይሳቁ ሸህ፣ ሳቅዎ ዱአ ነው… አስፋው ምን አለ?… “ሚካኤልን የሻርኩት ለሙት ቤት ነው፣ ለቆመ ሰው አላርስም።” እውነቱን ነው፣ እሱ በሬዎቹን ይዞ ወርካው ሥር ይረፍ፣ ምሳውን ግን ይብላ በሉት። የእሱ በሬዎች ገድ እንዳይሰበር የታሂር ሁለት ትልም ይቆጠርላቸው።

— አያ?… አያ፣ ላውዱን አጠፉት… አዎ፣ ብቻችንን እናውራ… አላዋረድኩዎትም። ወላሂ አላዋረድኩዎትም… ሰዉ የሚስቀው በአንቱ ብቻ አይደለም፣ በኔም በአንቱም ነው፣ ለሁለት ሲካፈል ይቀላል… ወደ ጤፉ መሬት ተንቀሳቀሱ? ጅራፉ ይሰማኛል። ኢኽላስስ?… የመጨረሻው በሬ እስኪያልፍ አልነሳም አለች። ይተዋት፣ እንዳሻት።

— ቃል? የምን ቃል?… “ለከርሞ አርሳለሁ በይ።” ለሰዉ እንዲነግሩ። አልልም… ለወጉም ቢሆን አልልም… በሆዴ ሌላ ይዤ በአፌ እሺ ማለቱንማ እችልበት ነበር፣ አንቱን እንዲያ አላደርግም። አያ፣ አንቱ ለኔ እንደ አባት ነዎት። ይችን ልጅ ሲድሩልኝ ጉልበትዎን እስማለሁ። ታመው ቢተኙ ከራስጌዎ አልነሳም። ማረሻዎን ግን ከአጥሬ ውጭ ያድርጉልኝ።

— ካልበቀለስ? ካልበቀለ ቁልቋል እለበልባለሁ፣ ቅንድቤም ይቃጠላል። አንቱም ያኔ ይስቃሉ፣ ታሂርም ይስቃል፣ አልከለክልም። ሳቁን እችለዋለሁ። አላርሰውም።

— “ሁለተኛ ደቦ አልጠራልሽም።” ይጠሩልኛል… ይጠሩልኛል እንጂ፣ መስከረም ሲጠባ። ያ ላብላብ ሳሩን አልፎ፣ አጥሩ ላይ ሲወጣ፣ እኔና ኢኽላስ ብቻችንን አጭደን አንጨርሰውም። ያን ጊዜ እነዚህኑ ሰዎች ይዘውልኝ ይምጡ፣ አስፋውንም፣ ታሂርንም። ማረሻው ቤት ይቅር፣ ማጭድ ያዙ… አዎ፣ ያን ጊዜ ምሳው የኔ ነው። ፍየል አይደለም፣ ወይፈን ነው የማርደው።

— በሉ ይሂዱ አያ፣ ባለምሳ ከደቦው ኋላ አይቀርም። ደህና ይዋሉ… አልረሳም፣ ለራህመት እነግራታለሁ፣ ፍየሏ በከንቱ አልታረደችም… እሺ… እሺ… አላርስም አልኩ እኮ አያ፣ ደህና ይዋሉ።